የነፍስ ዕረፍትና የክርስቶስ ቀንበር



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ ጌታችን ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል፤ ወደ እርሱ ለሚመጡትም ዕረፍትን እንደሚሰጥ ቃል ይገባል። ይህን ክፍል ያላስተማረ መምህር፣ በሐዘን ቤት ወይም በሱባኤ ጊዜ ያልሰበከው ካህን የለም ማለት ይቻላል። ቃሉ ለሰሚው ይጣፍጣል፤ ለተናጋሪውም ይቀልለዋል። ነገር ግን ስብከቱ ካለቀና ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ካህኑን የምትጠብቅ አንዲት እናት አትጠፋም። ጥያቄዋም በየቁምስናው ያው ነው፦ «አባ፣ እኔ አምኛለሁ፤ እጾማለሁ፣ እቈርባለሁ፣ መቍጠሪያዬንም ከእጄ አልለይም። ዕረፍቱ ግን የታለ?»

ይህችን እናት በችኰላ ማሰናበት አይገባም። ጥያቄዋ የስሜት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የእውነትና የፍትሕም ጥያቄ ነው። ዕረፍት አለ ብሎ በአደባባይ ያወጀ ሰው፣ ቃሉን ያመነው ሰው ዕረፍቱን ፈልጎ ሲያጣ የመልስ ባለዕዳ ይሆናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት የተዘጋጁ መልሶች አንዱን አንሥተን እንሰጣለን። የመጀመሪያው «እምነትሽ ጐደሎ ቢሆን ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሸክም ከብዶባት በመጣች ሴት ላይ ሌላ ሸክም ይጭንባታል፤ ከእንግዲህ የምታዝነው በልጇ ሞት ወይም በባሏ ሕመም ብቻ ሳይሆን በእምነቷ ጕድለትም ጭምር ይሆናል። ሁለተኛው «ዕረፍት በሰማይ ነው፤ እስከዚያው ቻይው» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 4 ለእግዚአብሔር ሕዝብ ገና የሚቀር የሰንበት ዕረፍት እንዳለ ያስተምራልና። ይሁን እንጂ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል የተናገረው በሕይወት ላሉ፣ ከፊቱ ለቆሙ፣ እግራቸው አቧራ ለለበሰ ሰዎች ነው። ተስፋውን በሙሉ ከመቃብር ማዶ ማሻገር፣ እርሱ የሰጠውን እኛ መንፈግ ይሆናል።

እንግዲህ መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ዕረፍት ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንመርምር። በቋንቋችን «ዐረፈ» የሚለው ግሥ ብዙ ነገር ይሸከማል። የደከመ መንገደኛ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ እንላለን፤ እንግዳውን በቤታችን አሳረፍነው እንላለን፤ ወፏ በቅርንጫፉ ላይ ዐረፈች እንላለን። ሰው ሲሞትም፣ ይልቁንም ካህን ወይም መነኩሴ ሲሆን፣ ዐረፈ እንላለን። በሌላ በኩል የሚረብሽን ልጅ «ዐርፈህ ተቀመጥ» ብለን እንገሥጻለን፤ ዱላም በሰው ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ተጠርጣሪ የሚታሰርበትን ቤት እንኳ «ማረፊያ ቤት» ብለን እንጠራዋለን። (ይህን ስም ያወጣለት ሰው በዚያ አንድ ሌሊት አድሮ ያውቅ እንደ ሆነ እንጃ።)

በእነዚህ ሁሉ አነጋገሮች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። ያረፈ ነገር ሁሉ በሌላ ነገር ላይ ዐርፏል። ወፏ የምታርፈው አየሩ ጸጥ ስላለ አይደለም፤ ቅርንጫፉ ስለ ተሸከማት ነው። ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዘው እርሷም አብራ ትወዛወዛለች፤ ሆኖም ዐርፋለች። እንግዲያውስ የነፍስ ዕረፍት ጥያቄ «ሸክም አለብኝን ወይስ የለብኝም?» የሚል ሳይሆን «ነፍሴ በምን ላይ ዐርፋለች?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብም በአጭሩ ይኸው ነው፤ የቀረው እርሱን መመርመር ነው።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን ዕረፍትን ተስፋ ከሰጠ በኋላ ቀጥሎ የሚናገረው ስለ አልጋ ወይም ስለ ጥላ አይደለም፤ ስለ ቀንበር ነው። ለገበሬ ልጅ ይህ እንግዳ ንግግር ነው። በሬ የሚያርፈው ቀንበሩ ሲወርድለት እንጂ ሲጫንበት አይደለም። የአይሁድ መምህራን የኦሪትን ሕግ «ቀንበር» ይሉት ነበር፤ ቃሉ በእነርሱ ዘንድ የክብር ቃል እንጂ የስድብ አልነበረም። ጌታችን የሚወቅሰው ሕጉን ሳይሆን፣ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 23 እንደምናነበው፣ ከባድ ጭነት አስረው በሰው ትከሻ ላይ እየጫኑ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት የማይወዱትን ነው። እርሱ የሚሰጠው ቀንበር ለጫንቃ የሚስማማ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ጌታችን በአናጢነት ዘመኑ ሞፈርና ቀንበር ይሠራ እንደ ነበር ጽፏል። በጥንቃቄ ያልተላገ ቀንበር የበሬውን ጫንቃ እንዴት እንደሚልጠው በእጁ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

በደጋው አገራችን ገበሬ ወይፈን ሲያቀና ብቻውን አይጠምደውም፤ ሥራ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምረዋል። ወይፈኑ በመጀመሪያው ቀን ይፈራገጣል፤ ይንበረከካል፤ ቀንበሩን ሊጥል ይታገላል። የለመደው በሬ ግን ትልሙን ያውቀዋል፤ ረጋ ብሎ ይራመዳል፤ የጭነቱም አብዛኛው ክፍል በእርሱ ላይ ይወድቃል። ወይፈኑ ቀስ በቀስ የእርሱን እርምጃ ይማራል። ስብከት ላይ ይህን ምሳሌ የምትጠቀሙ መምህራን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ወንጌሉ ስለ ሁለተኛው በሬ በግልጥ አይናገርም። ነገር ግን ቀንበሩን የራሱ ቀንበር ብሎ መጥራቱ፣ ከእርሱም እንድንማር ማዘዙ ምሳሌውን የተገባ ያደርገዋል። ዕረፍቱ ከሥራ መውጣት አይደለም፤ ብቻን መጐተት መቅረቱ ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። መጽሐፍ ቅዱስ አሁን ባለው አኳኋን በምዕራፍ የተከፈለው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ወንጌላዊው ሲጽፍ ምዕራፍ 11ን ከምዕራፍ 12 የሚለይ መሥመር አላሰመረም። ስለዚህ የዕረፍቱን ተስፋ እንደ ሰማን ወዲያው የምናነበው የሁለት ሰንበታት ታሪክ ነው፤ በመጀመሪያው የተራቡ ደቀ መዛሙርት እሸት ቀጥፈው ይበላሉ፤ በሁለተኛው እጁ የሰለለ ሰው ይፈወሳል። ማቴዎስ እነዚህን ታሪኮች ከተስፋው ጋር ያገናኛቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ክርስቶስ የሚሰጠው ዕረፍት ምን እንደሚመስል እያሳየን ነው፤ የተራበው ይበላል፣ የሰለለው እጅ ይዘረጋል። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ነፍስን የሚያደክመው ሸክም የትኛው ነው? ድህነትና ሕመም ከባድ ሸክም መሆናቸውን የሚክድ ሰው፣ ድህነትንም ሕመምንም አያውቃቸውም። ሆኖም ከእነርሱ በታች የተቀበረ፣ ባለጠጋውንም ድኻውንም እኩል የሚያጐብጥ ሌላ ሸክም አለ፤ እርሱም የራስን ዋጋ በራስ ማስመስከር ነው። በእኛ ዘንድ የዚህ ሸክም የታወቀ ስሙ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በጎ ጎን የለውም አልልም፤ ሰውን ከነውር ይጠብቀዋል፣ ጎረቤትን ያስከብራል። ነገር ግን ለልጁ ሠርግ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ በሬውን የሸጠ አባት፣ ለተዝካር ድንኳን ስትል የልጆቿን የትምህርት ገንዘብ ያወጣች መበለት፣ ሥራ ማጣቱን ከቤተ ሰቡ ሸሽጎ በየማለዳው ልብሱን ለብሶ የሚወጣ ጐልማሳ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያገለግሉት ጌታ ፊቱን አይተውት አያውቁም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ጌታ አመሰግናለሁ፣ በቃህ አይልም።

ይህን ልማድ ይዘን ወደ እግዚአብሔር ስንቀርብ እርሱንም እንደ ጎረቤት ዓይን እናየዋለን። ጾማችንን እንቈጥርለታለን፤ የቀረብንበትን እሑድ እናሰላለን፤ ብድራቱንም እንጠብቃለን። በዚህ ዓይነት ሃይማኖት ውስጥ ዕረፍት ሊኖር አይችልም፤ ሒሳቡ መቼም አይዘጋምና። ወንጌል የሚያበሥረው ግን ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔር የወደደን ከመሥራታችን በፊት ነው፤ በሕፃንነታችን ስንጠመቅ ያቀረብነው ምንም ሥራ አልነበረም። በጎ ሥራችን የፍቅሩ ፍሬ ነው እንጂ የፍቅሩ መግዣ አይደለም። ይህን በአእምሮ መቀበል ቀላል ነው፤ ከመቃብር የተመለሰ ሰው እንደ ሞት እንደማይጨነቅ፣ ከይሉኝታ ተፈትቶ መኖር ግን የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። ለዚህም ነው ጌታችን ዕረፍትን ከመማር ጋር ያያዘው።

ስለ ነፍስ ዕረፍት የጻፈ ሰው ሲነሣ ሁላችንም ቅዱስ አውግስጢኖስን እናስባለን። ልቡ በእግዚአብሔር እስኪያርፍ ድረስ ዕረፍት እንዳልነበረው በኑዛዜው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ መመስከሩ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ግን ያን ያህል አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ ተወለደ፤ በ387 በትንሣኤ ሌሊት በሚላኖ ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት እናቱ ቅድስት ሞኒካ በኦስትያ ዐረፈች። ወደ አገሩ ተመልሶ ከወዳጆቹ ጋር በጸሎትና በጥናት በጸጥታ ሊኖር ጀመረ። በ391 ለጕዳይ ወደ ሂጶ ከተማ ቢሄድ ሕዝቡ ይዞ ከጳጳሱ ፊት አቆመውና እያለቀሰ ክህነትን ተቀበለ። ብዙ ሳይቈይ ጳጳስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ 35 ዓመት ገደማ የሰውን ክርክር ሲዳኝ፣ ስለ ድኾች ሲማልድ፣ መናፍቃንን ሲሞግት ኖረ። በተወሰነ ሰዓት በእጅ መሥራትንና በጸጥታ ማንበብን ከዚህ ሁሉ ሙግት ይልቅ ይመርጥ እንደ ነበር ራሱ ጽፏል። በመጨረሻም በ430 ቫንዳሎች ሂጶን ከብበው ሳሉ ታመመ፤ የንስሐ መዝሙራትን በግድግዳ ላይ አሰቅሎ እያነበበና እያለቀሰ ሞተ።

ዕረፍትን ያገኘ ሰው ሕይወት ይህ ከሆነ፣ ዕረፍት ማለት ጸጥ ያለ ኑሮ ማለት እንዳልሆነ ግልጥ ነው። አውግስጢኖስ ራሱ ነገሩን በክብደት ምሳሌ ያስረዳል። ድንጋይ ወደ ታች፣ እሳት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዘይት በውኃ ውስጥ ቢፈስስ ወደ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ነገር ከስፍራው ውጭ ሲሆን ይታወካል፤ ስፍራውን ሲያገኝ ያርፋል። የሰው ክብደት ደግሞ ፍቅሩ ነው፤ ወደ ወደደው ነገር ይሳባል። እንግዲህ የሂጶው ጳጳስ ከከበባው መካከል ዐርፎ ነበር ማለት ስሕተት አይደለም፤ ፍቅሩ ስፍራውን አግኝቶ ነበርና። በተቃራኒው ባለ ርስትና ባለ ጤና ሆኖ፣ ከሚወደው ነገር ክፋት የተነሣ ዕንቅልፍ የሚያጣ ሰው በየመንደሩ አለ።

«ይህ ለቅዱሳን ነው፤ ቢያንስ እነርሱ ሰላሙ ይሰማቸዋል» የሚል ቢኖር፣ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ቅድስት ቴሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ከ1896 የትንሣኤ በዓል ሰሞን ጀምሮ በሳንባ ነቀርሳ በ24 ዓመቷ እስከ ሞተችበት እስከ መስከረም 30 ቀን 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንግሥተ ሰማያት ተስፋ እንደ ጨለማ ሆኖባት ኖራለች። የካልካታዋ ቅድስት ቴሬዛም እንዲሁ። እርሷ በ1997 ካረፈች ከ10 ዓመት በኋላ የታተሙት ደብዳቤዎቿ፣ ለግማሽ መቶ ዓመት ገደማ በጸሎቷ ውስጥ የእግዚአብሔር መገኘት እንዳልተሰማት ሲገልጡ ብዙ ሰው ደንግጧል። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን እያወቀች በ2016 ቅድስናዋን አውጃለች። እነዚህ ሴቶች የዕረፍት ስሜት ሳይኖራቸው በእግዚአብሔር ላይ ዐርፈው ነበር። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እያለቀሰ ሊሄድ ይችላል፤ ልቅሶው ከጀርባዋ አያወርደውም።

ስለዚህ በደጅ ለምትጠብቀው እናት የመጀመሪያው መልስ ይህ ሊሆን ይገባል፤ ዕረፍት አለመሰማቱ እምነት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ሐዘንም ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን የተነሣውና በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የቈየው ጦርነት ልጁን የወሰደበት ወላጅ፣ «ለምን ዐርፎ አይተኛም?» ተብሎ አይጠየቅም። አንዳንዱ የልጁን መቃብር እንኳ አያውቅም።

ለእንዲህ ያለው ሰው መምህር የሚያደርገውን ነገር ከነቢዩ ኤልያስ ታሪክ መማር ይቻላል። በቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ቍጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱም አልመረመረውም። አስቀድሞ ዕንቅልፍ ሰጠው፤ ከዚያም መልአኩ ቀስቅሶ እንጐቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገና ተኛ፤ እንደ ገናም በላ። ቃሉ የመጣለት ከዚህ በኋላ ከረጅም መንገድ ማዶ ነው። ሐዘንተኛን ልንጠይቅ ስንሄድ ይህን ቅደም ተከተል ብንጠብቅ መልካም ነው። ንፍሮውና ቡናው፣ ለለቅሶ የሚነጠፈው ፍራሽ፣ አብሮ ማደሩ ከስብከቱ የሚያንሱ ነገሮች አይደሉም። ሕዝባችን ይህን ከእኛ ሳይማር ሲያደርገው ኖሯል። እኛ የምንጨምረው ጥቂት ነገር ነው፤ እርሱም በአርባው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ተመልሶ መሄድ ነው።

እውነተኛውን ዕረፍት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ፤ በእነርሱ ላይ ብዙ አልዘገይም። የግብፅ በረሓ አባቶች ሀኬት ያሉት ክፉ መንፈስ አንዱ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኤቫግርዮስ እንደሚገልጠው፣ በቀትር ጊዜ መነኩሴውን ፀሐይ የቆመች ያስመስልበታል፤ በዓቱን ያስጠላዋል፤ ሌላ ስፍራ ቢሄድ እንደሚሻለው ያሳስበዋል። ቤተ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን፣ ሰባኪ ከሰባኪ እያፈራረቁ ዕረፍትን የሚያሳድዱ ሰዎች ይህን መንፈስ ቢመረምሩት ይጠቅማቸዋል። ሌላው፣ ነፍስ ምንም ሳትፈቅድና ሳትሠራ ዝም ብላ መቀመጧን ፍጹምነት ነው የሚለው ትምህርት ሲሆን፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖኬንጥዮስ 11ኛ በ1687 አውግዘውታል። ሦስተኛው በዘመናችን ገበያ የደራለት ነው፤ በአንድ ምሽት ጸሎት ዕዳም ሕመምም ሐዘንም እንደሚነቀል እያወጁ ከድኻ ኪስ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚሸጡት ዕረፍት ነው። ይህን የምለው በማንም ቤተ እምነት ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነጋዴ በእኛም ደጅ ሊቆም ይችላልና።

ሸክም በእውነት የሚወርድበት ስፍራ ግን አለን፤ እርሱም ምሥጢረ ንስሐ ነው። ብዙ ምእመን በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ብቻ፣ እርሱም በሰልፍ ቆሞ በችኰላ ያደርገዋል፤ ስለዚህም የሚያወርደውን ሸክም ሳያይ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ የተናዘዘውን ኃጢአት ስርየት ካገኘም በኋላ ደጋግሞ ያነሣዋል። ለእነዚህ መታዘዝን ማስተማር ይገባል፤ ካህኑ ተፈቶልሃል ካለ ተፈቷል፤ የተፈታውን መልሶ መቋጠር ትሕትና አይደለም። በሌላ በኩል ንስሐ የመርሳት ጥበብ እንዳልሆነ በግልጥ መነገር አለበት። የባልንጀራውን ድንበር የገፋ፣ የሙት ልጅን ርስት በሐሰት ምስክር የወሰደ፣ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ ያስቀረ ሰው መሬቱንና ገንዘቡን እንደ ያዘ የኅሊና ሰላም ልስጥህ ቢባል፣ ያ ሰላም ስርቆት ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደስ ብሎት ጌታን ሲቀበል፣ የነጠቀውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው ማንም ሳያዝዘው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዕረፍት ቢያጣ ኅሊናው ገና በሕይወት መኖሩን ያሳያል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ይገባል እንጂ ማባበል አይገባም።

አሁን ወደ ሰንበት ልመለስ፤ የዕረፍት ጥያቄ የጎረቤት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ነውና። ስለ ሰንበት ቀን በአገራችን የተደረገው ክርክር ረጅም ነው፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድን ሁለቱንም ማክበርን አጽንቷል። ስለ ቀኑ መከራከር ያለፈ ነገር ይሁን፤ እኔ ስለ ምክንያቱ መናገር እፈልጋለሁ። የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ምክንያቱ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ ማረፉ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ግን ምክንያቱ ተለውጧል፤ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ሊያስታውስ፣ ወንዱና ሴቲቱ አገልጋይም እንደ ጌታቸው ሊያርፉ ነው። በሬውና አህያው እንኳ ተቈጥረዋል። ከባርነት የወጣ ሕዝብ በሌላው ድካም ላይ ተኝቶ ሰንበትን አከበርሁ ሊል አይችልም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት ዓዋዲ መልእክት የሰንበትን ዕረፍት የሠራተኛው መብት አድርገው ጠይቀዋል፤ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1998 ስለ እሑድ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ አድሰዋል። ዓለማዊውም ሕግ ዘግይቶ ወደዚህ ደርሷል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቍጥር 189 በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ይደነግጋል። ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሄዱ ልጆቻችን በስልክ ለእናቶቻቸው የሚናገሩትን የማያውቅ ቁምስና ጥቂት ነው። ቀን ከሌሊት መሥራታቸውን፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው እጅ መሆኑን፣ እሑድ እሑድ መሆኑን የሚያውቁት በስልካቸው መስተዋት ላይ ብቻ መሆኑን እንሰማለን፤ «ከፋላ» የሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪያቸው ጋር አስሮት በመቈየቱም እናዝናለን። ማዘናችን ትክክል ነው።

ነገር ግን ያችው እናት ስለ ልጇ እያለቀሰች ወደ ቅዳሴ ስትመጣ፣ በቤቷ ደግሞ ከገጠር የመጣች የሌላ እናት ልጅ ሽንኩርት ስትከትፍ ትቀራለች። ዕድሜዋ 14 ወይም 15 ነው። ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፤ የምትተኛውም በማድ ቤቱ ጥግ ነው። እሑድ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያርፍበት ቀን ስለ ሆነ፣ ለእርሷ ከሳምንቱ ሁሉ የከበደ ቀን ነው፤ እንግዳው የሚመጣው፣ ዶሮው የሚሠራው በዚያ ቀን ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ስለ ጣፈጠው ስብከት እየተነጋገርን ከምግቡ እንቀመጣለን። የምናርፈው በማን ላይ እንደ ሆነ ስንጠየቅ፣ በዚያ ሰዓት ያለ ሐፍረት «በክርስቶስ ላይ» ለማለት ይቻለን ይሆን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚመጣው እሑድ ልጆቹን ስለ ሦስተኛው ትእዛዝ ስታስተምሩ «በቤታችሁ ዛሬ ያላረፈ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጆች ፈጥነው ይመልሳሉ፤ ስሟንም ይነግሯችኋል። ማታ ለወላጆቻቸውም መናገራቸው አይቀርም። የቁምስና ምክር ቤቶችም የመጀመሪያው ቅዳሴ ወይም የሰንበቱ ትምህርት በስንት ሰዓት ቢሆን የቤት ሠራተኞች ሊመጡ እንደሚችሉ ቢመክሩበት መልካም ነው። በአንዳንድ ከተሞች የማታ ትምህርት ቤት የሚማሩት እነዚሁ ልጃገረዶች በመሆናቸው፣ የሚመቻቸውን ሰዓት ከራሳቸው መጠየቅ ይቻላል። የእሑድ ምሳ አንድ ሰዓት ቢዘገይ፣ ወይም ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ ቢያድር፣ ቤቱ አይፈርስም።